ሜሲዬ 105፦ በመራዊ አናት ላይ የሚያልፈው ሞላላ ጋላክሲና በጋላክሲ ቡድኑ ውስጥ ያለው ስፍራ

መግቢያ

ሜሲዬ 105 በአሰድ ኅብረ ከዋክብት አቅጣጫ የሚገኝ ሞላላ ጋላክሲ ሲሆን፣ ከምድር ያለው ርቀት ከ32 እስከ 37 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይገመታል። ብቻውን የቆመ ሳይሆን «የሜሲዬ 96 ቡድን» ወይም «የአንበሳ አንደኛ ቡድን» በሚል የሚታወቅ የጋላክሲዎች ስብስብ አባል ነው። አሰድ በሀገራችን የቆየው የከዋክብት አቆጣጠር ለአንበሳው ኅብረ ከዋክብት የሚሰጠው ስም ነው።

ይህ የመረጃ ጽሑፍ ለተማሪዎች፣ ለመምህራን፣ ለትምህርት ቤት የሳይንስ ክበባትና ስለ ሕዋ ሳይንስ ለሚጠይቁ ዜጎች ሁሉ የተዘጋጀ ነው። ሜሲዬ 105ን የመረጥነው በሁለት ምክንያቶች ነው። አንደኛው፣ የአንድ ጋላክሲ ቅርጽ፣ ርቀትና ክብደት ሊታወቅ የሚችለው ከጎረቤቶቹ ጋር ሲጠና መሆኑን ይህ ጋላክሲ በግልጽ ያሳያል። ሁለተኛው፣ ጋላክሲው በምዕራብ ጎጃም ሰማይ ላይ ያለው ስፍራ ነው። የሰማይ ኬክሮሱ በሰሜን 12 ዲግሪ ከ35 ደቂቃ ሲሆን፣ የመራዊ ከተማ ኬክሮስ ደግሞ በሰሜን 11 ዲግሪ ከ24 ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ በየዕለቱ አንድ ጊዜ፣ ከመራዊ ነዋሪ አናት በ1 ዲግሪ ከሩብ በማይበልጥ ልዩነት ያልፋል። በፍኖተ ሰላምና በቡሬም ልዩነቱ ከ2 ዲግሪ አይበልጥም።

መሠረታዊ መረጃ

• ስያሜ፦ ሜሲዬ 105፤ በሌላው ዋና መዝገብ ኤን.ጂ.ሲ. 3379።
• ዓይነት፦ ሞላላ ጋላክሲ፣ የቅርጽ ደረጃው ኢ-1።
• የሚገኝበት አቅጣጫ፦ አሰድ (አንበሳ) ኅብረ ከዋክብት።
• ርቀት፦ ከ32 እስከ 37 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት።
• ከእኛ የሚርቅበት ፍጥነት፦ በሰከንድ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ።
• የድምቀት ደረጃ፦ 9.3፤ ያለ መሣሪያ በዓይን አይታይም።
• የተገኘበት ቀን፦ እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1781።
• አባል የሆነበት ስብስብ፦ የሜሲዬ 96 ቡድን።

አንድ የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት ውስጥ የሚጓዘው ርቀት ሲሆን፣ 9.46 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚህ የተነሳ ዛሬ የምናየው የሜሲዬ 105 ብርሃን ጉዞውን የጀመረው ከ32 እስከ 37 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ የኢትዮጵያን ደጋ በአብዛኛው ያነጠፈው ታላቁ የባዛልት ፍሰት የተከሠተው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ስለዚህ ያ ብርሃን ከጋላክሲው ሲነሳ ዛሬ የምንረግጠው የጎጃም ደጋ ገና አልተሠራም ነበር።

ሞላላ ጋላክሲ ምንድን ነው?

ጋላክሲ ማለት በስበት ኃይል የተያያዙ የከዋክብት፣ የጋዝ፣ የአቧራና በዓይን የማይታይ ቁስ ታላቅ ስብስብ ነው። የእኛ ፀሐይ የምትገኝበት ጋላክሲ ፍኖተ ሐሊብ ይባላል። በግእዝ ፍኖት መንገድ፣ ሐሊብም ወተት ማለት ነው። ፍኖተ ሐሊብ ጥምዝምዝ ክንዶች ያሉት ጋላክሲ ነው፤ በክንዶቹ ውስጥ ብዙ ጋዝ ስላለ ዛሬም አዳዲስ ከዋክብት ይወለዱበታል።

ሞላላ ጋላክሲ ግን ክንድ የለውም። መሐሉ ደማቅ ሆኖ ወደ ዳር እየደበዘዘ የሚሄድ፣ ከክብ እስከ እንቁላል መሰል ቅርጽ ያለው ነው። ከዋክብቱ በብዛት ያረጁና ወደ ቢጫና ቀይ የሚያደሉ ናቸው። ቀዝቃዛ ጋዙ እጅግ ጥቂት በመሆኑ አዲስ ኮከብ የሚወለድበት አጋጣሚ ውስን ነው። ከሀብል የሕዋ ቴሌስኮፕ በተገኘው መረጃ መሠረት፣ በሜሲዬ 105 ውስጥ ፀሐይን የሚያህል አንድ አዲስ ኮከብ የሚወለደው በ10,000 ዓመት አንድ ጊዜ ገደማ ነው።

ሞላላ ጋላክሲዎችን በደረጃ የመደበው አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ኤድዊን ሀብል ነው። አመዳደቡ ከኢ-0 እስከ ኢ-7 ይደርሳል። ኢ-0 ሙሉ በሙሉ ክብ ሆኖ የሚታየው ሲሆን፣ ኢ-7 ደግሞ በጣም የተለጠጠው ነው። ቁጥሩ የሚገኘው የጋላክሲው ቁመት ከወርዱ ያለው ብልጫ ለቁመቱ ተካፍሎ በ10 ሲባዛ ነው። ሜሲዬ 105 ከኢ-1 መመደቡ ከሞላ ጎደል ክብ ሆኖ እንደሚታይ ያመለክታል።

ይሁን እንጂ ይህ ደረጃ የሚናገረው ከእኛ በኩል ስለሚታየው ቅርጽ ብቻ ነው። እንጀራ ከላይ ሲታይ ክብ፣ ከጎን ሲታይ ግን ስስ እንደሆነ ሁሉ፣ ክብ መስሎ የሚታይ ጋላክሲም በእውነቱ ጠፍጣፋ ሊሆን ይችላል። ተመራማሪዎች ሜሲዬ 105ን በተመለከተ ይህን ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ሲያነሱ ቆይተዋል። ጥያቄው ወደፊት እንደሚታየው የጋላክሲውን ክብደት ከመለካት ጋር የተያያዘ ነው።

በጋላክሲው መሐል የሚገኙት ከዋክብት እጅግ በፍጥነት ይዞራሉ። ከፍጥነታቸው በመነሳት በማዕከሉ 200 ሚሊዮን ፀሐዮችን የሚያህል ክብደት ያለው ታላቅ ጥቁር ጉድጓድ እንዳለ ተገምቷል።

የግኝቱ ታሪክ

ጋላክሲውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ፒየር ሜሼ ነው። ሜሼ ከአራት ቀናት አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 20 ቀን 1781፣ በዚያው የሰማይ ክፍል ሜሲዬ 95 እና ሜሲዬ 96 ተብለው የተመዘገቡትን ሁለት ጋላክሲዎች አግኝቶ ነበር። የሥራ ባልደረባው ሻርል ሜሲዬ ጅራታም ከዋክብትን ሲፈልግ የሚያሳስቱትን ደብዛዛ የሰማይ አካላት በመዝገብ ያሰፍር ስለነበር፣ ሁለቱ በመዝገቡ ውስጥ ተካተዋል። ሦስተኛው ግን በታተመው መዝገብ ሳይገባ ቀረ። ካናዳዊቷ የሥነ ፈለክ ሊቅ ሔለን ሶየር ሆግ የሜሼን የቆየ ጽሑፍ መርምረው እ.ኤ.አ. በ1947 በመዝገቡ 105ኛ ሆኖ እንዲቆጠር አድርገዋል።

በሜሼ ዘመን እነዚህ ደብዛዛ አካላት ምን እንደሆኑ የሚያውቅ አልነበረም። ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ ያሉ ራሳቸውን የቻሉ ጋላክሲዎች መሆናቸው የተረጋገጠው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ ሜሲዬ 105 የሞላላ ጋላክሲዎች የብርሃን መጠን ሲለካ እንደ መመዘኛ የሚያገለግል አካል ሆኗል።

የጋላክሲ ቡድንና የሜሲዬ 105 ጎረቤቶች

ጋላክሲዎች በብዛት የሚኖሩት በስብስብ ነው። ጥቂት ታላላቅና በርካታ ትናንሽ ጋላክሲዎችን የያዘው ስብስብ ቡድን ይባላል። በመቶዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ ጋላክሲዎችን የያዘው ደግሞ ዘለላ ይባላል። ፍኖተ ሐሊብ ራሱ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ከሚርቀው የአንድሮሜዳ ጋላክሲና ከሌሎች ትናንሽ ጋላክሲዎች ጋር በአንድ ቡድን ውስጥ ይገኛል።

ሜሲዬ 105 በሚገኝበት ቡድን ውስጥ የሚከተሉት ዋና ዋና አባላት ይጠቀሳሉ።

• ሜሲዬ 96፦ ቡድኑ በስሙ የሚጠራበት፣ እጅግ ደማቁ ጥምዝምዝ ጋላክሲ።
• ሜሲዬ 95፦ በመሐሉ መቀርቀሪያ የመሰለ የከዋክብት መሥመር ያለው ጥምዝምዝ ጋላክሲ።
• ኤን.ጂ.ሲ. 3384፦ ከሜሲዬ 105 አጠገብ የሚታይ፣ ክንድ የሌለው ምስር መሰል ጋላክሲ።
• ኤን.ጂ.ሲ. 3377፦ ሌላው የቡድኑ ሞላላ ጋላክሲ።

በቴሌስኮፕ ሲታይ ከሜሲዬ 105 እና ከኤን.ጂ.ሲ. 3384 ጋር ሦስት ማዕዘን የሚሠራ ኤን.ጂ.ሲ. 3389 የተባለ ጥምዝምዝ ጋላክሲ አለ። ይህ ጋላክሲ ግን ከሁለቱ እጅግ ርቆ ከበስተጀርባ የሚገኝ በመሆኑ የቡድኑ አባል አይደለም። በሰማይ ላይ ጎን ለጎን መታየት ብቻውን የጉርብትና ማስረጃ አይሆንም፤ ርቀት መለካት አለበት።

አሜሪካዊው ተመራማሪ አላን ድሬስለር እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጡት ጥናት፣ ጋላክሲዎች ተጠጋግተው በሚገኙበት ስፍራ ሞላላና ምስር መሰል ጋላክሲዎች እንደሚበዙ፣ በተራራቁበት ደግሞ ጥምዝምዞቹ እንደሚያይሉ አሳይተዋል። የዚህ አንዱ ምክንያት ጎረቤታሞች በስበት ተሳስበው መጋጨታቸውና መዋሃዳቸው ነው። ሁለት ጥምዝምዝ ጋላክሲዎች ሲዋሃዱ ሥርዓት ያለው የከዋክብት ዙረት ይደበላለቃል፤ ጋዙም ለኮከብ ልደት ይውላል ወይም ይበተናል። በመጨረሻ የሚቀረው ሞላላ ሊሆን ይችላል። ፍኖተ ሐሊብና አንድሮሜዳም በሰከንድ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ፍጥነት እየተቀራረቡ በመሆናቸው፣ ከቢሊዮኖች ዓመታት በኋላ ተመሳሳይ ዕጣ ሊገጥማቸው ይችላል።

ርቀቱ በጎረቤቶቹ አማካይነት መለካቱ

የጋላክሲዎችን ርቀት ለመለካት ከሚያገለግሉት አስተማማኝ መንገዶች አንዱ ሴፊድ የተባሉትን ከዋክብት መጠቀም ነው። እነዚህ ከዋክብት ብርሃናቸው በየጊዜው ከፍና ዝቅ ይላል። አንዱ ዙር የሚፈጀው ጊዜ በረዘመ መጠን ኮከቡ በእውነቱ ብሩህ ነው። ስለዚህ የዙሩን ጊዜ በመቁጠር እውነተኛ ድምቀቱ ይታወቃል፤ ይህም ከምድር ሆኖ ከሚታየው ድምቀት ጋር ተነጻጽሮ ርቀቱ ይሰላል።

ችግሩ ሴፊዶች ወጣት ከዋክብት መሆናቸው ነው። እንደ ሜሲዬ 105 ባሉ ያረጁ ጋላክሲዎች ውስጥ አይገኙም። መፍትሔው የተገኘው ከቡድኑ ነው። ተመራማሪዎች በሀብል የሕዋ ቴሌስኮፕ አማካይነት በሜሲዬ 96 ውስጥ ሴፊዶችን ለይተው እ.ኤ.አ. በ1995 ርቀቱን አስታወቁ፤ በሜሲዬ 95 ላይም ተመሳሳይ ልኬት ተካሂዷል። ሜሲዬ 105 ከእነርሱ ጋር በአንድ ቡድን ውስጥ ስለሆነ፣ የእነርሱ ርቀት ለእርሱም ማጣቀሻ ሆነ። በኋላም በራሱ በሜሲዬ 105 ውስጥ የሚገኙትን ቀይ ግዙፍ ከዋክብት በመለካት ተቀራራቢ ውጤት ተገኝቷል።

የዚህ ጥቅም በአንድ ጋላክሲ አይወሰንም። የቅርብ ጋላክሲዎች ርቀት በትክክል ሲታወቅ ለሩቆቹ መለኪያ ይሆናል፤ ጽንፈ ዓለም የሚሰፋበት ፍጥነትም የሚሰላው በዚሁ ተከታታይ ልኬት ላይ ተመሥርቶ ነው።

በጋላክሲው ዙሪያ የተገኘው የጋዝ ቀለበት

እ.ኤ.አ. በ1983 በፖርቶ ሪኮ ይገኝ በነበረው የአሬሲቦ ራዲዮ ቴሌስኮፕ አማካይነት፣ ሜሲዬ 105 እና ኤን.ጂ.ሲ. 3384ን የከበበ ታላቅ የሃይድሮጂን ጋዝ ቀለበት መኖሩ ታወቀ። የቀለበቱ ስፋት 650,000 የብርሃን ዓመት ያህል ነው። በተራ የብርሃን ቴሌስኮፕ ለማየት እጅግ አዳጋች በመሆኑ ከዚያ ቀደም አልታወቀም ነበር።

ይህ ጋዝ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ተመራማሪዎችን ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። አንደኛው አስተያየት ጋዙ ጽንፈ ዓለም ሲጀምር ከነበረው፣ ጋላክሲ ሳይሆን የቀረ ቅሪት ነው የሚል ነበር። ሁለተኛው አስተያየት ደግሞ በቡድኑ አባላት መካከል በተከሠተ ግጭት ከጋላክሲ ውስጥ ተነጥቆ የወጣ ነው የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የቀረበ የኮምፒዩተር ስሌት፣ ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በፊት በሜሲዬ 96 እና በኤን.ጂ.ሲ. 3384 መካከል የተፈጠረ ግጭት ቀለበቱን ሊያስገኝ እንደሚችል አመለከተ።

ክርክሩን ለመፍታት የሚረዳው የጋዙ ይዘት ነው። እንደ ኦክሲጅን ያሉ ንጥረ ነገሮች የሚሠሩት በከዋክብት ውስጥ ነው። ጋዙ ንጹሕ የጥንት ቅሪት ቢሆን ኖሮ እነዚህ ንጥረ ነገሮች በብዛት ሊገኙበት አይገባም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት ግን በቀለበቱ ውስጥ አዳዲስ ከዋክብት በተወለዱባቸው ጥቂት ስፍራዎች ንጥረ ነገሮቹ በፀሐይ ካለው መጠን የተቀራረበ ሆነው መገኘታቸውን አረጋገጠ። ይህም ጋዙ ቀድሞ በጋላክሲ ውስጥ የነበረ ነው የሚለውን ሐሳብ አጠናክሯል። ስለዚህ በሜሲዬ 105 ዙሪያ ያለው ቀለበት የቡድኑ ያለፈ ታሪክ ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል።

የማይታየው ቁስ ክርክር

ጋላክሲዎች በከዋክብታቸው ብቻ ሊገለጽ የማይችል የስበት ኃይል ያሳያሉ። ይህን ትርፍ ስበት የሚፈጥረው፣ ብርሃን የማይሰጠውና የማይከለክለው ቁስ «ዳርክ ማተር» ይባላል። በጥምዝምዝ ጋላክሲዎች ዳር የሚገኘው ጋዝ የሚዞርበት ፍጥነት ለዚህ ቁስ ጠንካራ ማስረጃ ሆኖ ቆይቷል። በሞላላ ጋላክሲዎች ግን የሚለካ ጋዝ ስለሌለ ሥራው ይከብዳል።

እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን ሜሲዬ 105ን ጨምሮ ሦስት ሞላላ ጋላክሲዎችን አጥንቶ ያልተጠበቀ ውጤት አወጣ። በጋላክሲዎቹ ዳር የሚገኙትን፣ እየሞቱ ጋዛቸውን የሚተፉ ከዋክብት ፍጥነት ሲለካ፣ ፍጥነቱ ወደ ዳር እየቀነሰ ሄዶ ተገኘ። ውጤቱም በእነዚህ ጋላክሲዎች ውስጥ የማይታየው ቁስ እጅግ ጥቂት ነው የሚል ትርጉም ተሰጠው። ይህ ትክክል ቢሆን ኖሮ ጋላክሲዎች እንዴት እንደተፈጠሩ የሚያስረዳው ዋና ሐሳብ ጥያቄ ውስጥ ይገባ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ሌሎች ተመራማሪዎች የጋላክሲዎችን ውሕደት በኮምፒዩተር ስሌት ተከትለው አማራጭ ማብራሪያ አቀረቡ። በውሕደት በተፈጠረ ሞላላ ጋላክሲ ውስጥ በዳር ያሉት ከዋክብት በክብ መንገድ ሳይሆን በረዘመ መንገድ፣ ወደ መሐል እየገቡና እየወጡ ይጓዛሉ። መሣሪያችን የሚለካው ግን ወደ እኛ የሚመጣውን ወይም ከእኛ የሚርቀውን እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ጎን የሚጓዙት ከዋክብት ዝግተኛ መስለው ይታያሉ፤ የማይታየው ቁስም የሌለ ይመስላል። በጋላክሲው ዙሪያ ባሉት ክብ የከዋክብት ጥቅሎች ላይ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ልኬትም የማይታይ ቁስ ከመኖሩ ጋር የሚስማማ ሆኖ ተገኝቷል።

ከዚህ ክርክር አንባቢ ሊወስደው የሚገባ ቁም ነገር አለ። በ2003 የተለካው ፍጥነት ስሕተት አልነበረም፤ የተለወጠው ለልኬቱ የተሰጠው ትርጉም ነው። ትርጉሙን ለማረም ያስቻለውም ጋላክሲው ከጎረቤቶቹ ጋር ያሳለፈውን ታሪክ በስሌቱ ውስጥ ማስገባት ነው።

ከምዕራብ ጎጃም እንዴት ማየት ይቻላል?

ሜሲዬ 105ን ለማየት አመቺው ጊዜ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ የክረምቱ ደመና ከመክበዱ በፊት ነው። ሚያዝያ 15 ቀን አካባቢ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ በመራዊ አናት ላይ ይደርሳል። ከዚያ ቀን በፊት በየ15 ቀኑ በአንድ ሰዓት ያህል ይዘገያል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ በየ15 ቀኑ በአንድ ሰዓት ያህል ይቀድማል።

ስፍራውን ለማግኘት የሚከተሉትን ቅደም ተከተሎች መጠቀም ይቻላል።

1. ጨረቃ የሌለችበትን ጥርት ያለ ምሽት ይምረጡ። ከመንገድና ከሱቅ መብራት ራቅ ብለው ዓይንዎ ጨለማውን እንዲለምድ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይቆዩ። በቆጋ መስኖ አካባቢ የሚኖሩ ተመልካቾች ከቦዮች ርቀው፣ ቀን ያዩትን ደልዳላ ስፍራ እንዲመርጡ ይመከራል።
2. በአሰድ ውስጥ ደማቁን ኮከብ ሬጉለስን ይለዩ። ከእርሱ በስተ ምሥራቅ የአንበሳው ጅራት ላይ የሚገኘውን ደነቦላን ይፈልጉ።
3. ከሬጉለስ ወደ ደነቦላ በሐሳብ መሥመር ያስምሩ። ክንድዎን ሙሉ በሙሉ ዘርግተው ሲጨብጡ የጡጫዎ ስፋት በሰማይ ላይ 10 ዲግሪ ያህል ነው። ከሬጉለስ አንድ ጡጫ ርቀው በመሥመሩ አጠገብ የሚያገኙት ባዶ መሰል ስፍራ ሜሲዬ 105 የሚገኝበት ነው።
4. በዚያ ስፍራ ላይ አነስተኛ ቴሌስኮፕ ያነጣጥሩ። ጋላክሲው እንደ ትንሽ ክብ ጉም ይታያል፤ ኤን.ጂ.ሲ. 3384 ከአጠገቡ ነው። ሜሲዬ 96 ደግሞ ወደ ደቡብ፣ ከሙሉ ጨረቃ ስፋት አንድ ተኩል ያህል ርቆ ይገኛል።

በመጽሐፍ የሚታዩት ባለ ቀለም ሥዕሎች በታላላቅ ቴሌስኮፖች ብዙ ብርሃን ተጠራቅሞ የተነሡ ናቸው። በአነስተኛ ቴሌስኮፕ የሚታየው ግራጫ ደብዛዛ ብርሃን ብቻ ስለሆነ፣ መምህራን ይህንን ለተማሪዎቻቸው አስቀድመው እንዲያስረዱ ይመከራል።

ጥብቅ ማሳሰቢያ፦ ቴሌስኮፕም ሆነ አጉሊ መነጽር ወደ ፀሐይ ፈጽሞ አይነጣጠርም። ለቅጽበት ቢሆንም ዓይንን ለዘለቄታው ሊያሳውር ይችላል።

በኢትዮጵያ የሚካሄደው ጥናት

በሀገራችን የሕዋ ሳይንስ እንዲስፋፋ የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ2004 ተመሥርቷል። በአዲስ አበባ በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተሠራው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ የመስታወታቸው ስፋት 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2016 የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተቋቋመ ሲሆን፣ በኋላ ከጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ጋር ተዋህዶ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሆኗል።

ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ ያሉ ጋላክሲዎች ጥናት ከምርምር ዘርፎቹ አንዱ ነው። በኢትዮጵያ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት፣ «ዝዊኪ 0024+1652» በተባለ እጅግ ሩቅ የጋላክሲ ዘለላ ውስጥ የሚገኙ አባላትን በቅርጻቸው መድበዋል። የጥናቱ ጥያቄ በሜሲዬ 105 ከተነሣው ጋር አንድ ነው፦ አንድ ጋላክሲ የሚኖርበት ስፍራ ቅርጹን እንዴት ይወስናል? በዚህ ዘርፍ በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ ያስተማሩትና የተመራመሩት ዶክተር ሚርያና ፖቪች እ.ኤ.አ. በ2021 ከአውሮፓ የሥነ ፈለክ ማኅበር የጆስሊን ቤል በርኔል ሜዳይ ተሸልመዋል።

በዚህ ዘርፍ መሠማራት የሚፈልጉ ተማሪዎች ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ለሒሳብ፣ ለፊዚክስና ለኮምፒዩተር ትምህርት ትኩረት እንዲሰጡ ይመከራል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው በቴሌስኮፕ ውስጥ በማየት ሳይሆን የተሰበሰበ መረጃን በኮምፒዩተር በመተንተን ነው።

ተደጋጋሚ ጥያቄዎች

ሜሲዬ 105 በዓይን ይታያል?
አይታይም። በጨለማ ሰማይ በዓይን ሊታይ ከሚችለው እጅግ ደብዛዛ ኮከብ 20 ጊዜ ያህል የደበዘዘ ነው። በዓይን ሊታይ የሚችለው ሩቅ ጋላክሲ አንድሮሜዳ ነው፤ በጥቅምትና በኅዳር ምሽቶች ጨለማ ባለበት ስፍራ እንደ ትንሽ ጉም ይታያል።

ይህ ጥናት ከኮከብ ቆጠራ ጋር ግንኙነት አለው?
አሰድና ሰንቡላን የመሳሰሉት ስሞች በሁለቱም ውስጥ ያገለግላሉ። ሥነ ፈለክ ግን የሰማይ አካላትን ርቀት፣ ክብደትና እንቅስቃሴ የሚለካ ሳይንስ ነው፤ የሰውን ዕጣ ፈንታ አይተነብይም።

የኮከብ ወይም የጋላክሲ ስም መግዛት ይቻላል?
አይቻልም። የሰማይ አካላትን ስም የሚያጸድቀው ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ሲሆን፣ ስም አይሸጥም። በገንዘብ የሚሰጡ የኮከብ ስም ምስክር ወረቀቶች በሳይንስ ዘንድ ዋጋ የላቸውም። ኅብረቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ለሀገራት በሰጠው ዕድል ኢትዮጵያ በአንድሮሜዳ ኅብረ ከዋክብት የሚገኝ አንድ ኮከብ «ቡና»፣ በዙሪያው የሚዞረውን ፕላኔት ደግሞ «አቦል» ብላ ሰይማለች። ስሞቹ የጸደቁት ያለ ክፍያ ነው።

የመንገድ መብራት የሰማይ ዕይታን ይጎዳል?
ይጎዳል። ወደ ላይ የሚበተን ብርሃን ደብዛዛ አካላትን ይሸፍናል። የውጭ መብራት ሲተከል ብርሃኑ ወደ መሬት ብቻ እንዲያርፍ ክዳን ማድረግ የእግረኛውን መንገድ በደንብ ያበራል፣ የኤሌክትሪክ ብክነትን ይቀንሳል፣ ሰማዩንም ይጠብቃል።

ማጠቃለያ

ሜሲዬ 105 በቴሌስኮፕ ሲታይ ክንድም ቀለምም የሌለው፣ ጸጥ ያለ ክብ ብርሃን ነው። ርቀቱ በጎረቤቶቹ ሴፊዶች፣ የቡድኑ ያለፈ ታሪክ በዙሪያው ባለው የጋዝ ቀለበት፣ የከዋክብቱ ጉዞም ከውሕደት በተነሣ ስሌት መታወቁ ግን ጋላክሲን ለብቻው ነጥሎ መረዳት እንደማይቻል ያስገነዝባል። ይህ ቡድን ከነአባላቱ በየዕለቱ በመራዊ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አናት ላይ ያልፋል። የትምህርት ቤት የሳይንስ ክበባት በሚያዝያ ጨለማ ምሽቶች ስፍራውን በመለየት ምልከታቸውን እንዲጀምሩ እናበረታታለን።